ጋሽ አርሊንዶ ያላዘዙኝ ጭነት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ ለዶና ሴቬሪና፣

ከሁሉ በፊት ምርቃትሽን ስጪኝ እማዬ፤ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ በዝናቡ ወራት አላስቸገረሽም? ዓይንሽስ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ጠብታ ታደርጊዋለሽ ወይስ ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽ አስቀመጥሽው? ፍየሎቹስ ወለዱ? የውሃ ማጠራቀሚያው ሞላ? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። እንዲያውም ዘንድሮ ከደህናም በላይ ነኝ። ወረቀት የጻፍኩልሽ በስልክ ለመናገር አፍሬ ነው። ማሪናልቫ ሳትዘል ታንብብልሽ፤ የማፍርበት ቦታ ስትደርስም በእህትነቷ እንዳትስቅብኝ።

እንደምታውቂው የምነዳት የጭነት መኪና የእኔ አይደለችም፣ የጋሽ አርሊንዶ ናት። ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና ከታከመ ወዲህ ፍሬን መርገጥ ስላቃታቸው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ እየነዳሁ የጭነቱን ዋጋ ስንካፈል ኖረናል። ውላችን የቃል ነበር። በባለቤታቸው በእትዬ ኢልዜ ፊት ተጨባበጥን፣ አለቀ። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። ግብርም በይው የጡረታ መዋጮ፣ እሳቸው እኔ የምከፍል ይመስላቸዋል፣ እኔ ደግሞ እሳቸው የሚከፍሉ ይመስለኛል፤ ለካስ ማናችንም አንከፍልም ነበር።

ከፋሲካ በፊት ሚዛን ጣቢያው ላይ አንድ ተቆጣጣሪ አስቆመኝና የመኪናዋ ባለቤት ምንህ ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አለቃዬ ናቸው፣ ያዘዙኝን ነው የምሠራው አልኩት። እሱም እንዳለ ጻፈው። ከወር በኋላ ለጋሽ አርሊንዶ ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣላቸው። ይህ ሰው የሚታዘዝ ከሆነ ተቀጣሪዎ ነው፤ የሰባት ዓመት የዕረፍት ፈቃዱ የታለ? የጡረታ መዋጮውስ? የሚል ነው። ቅጣቱ ሲታከልበት መኪናዋን ሸጠውም የሚወጡት አልነበረም። ተቀጣሪ አይደለሁም ካልኩ ደግሞ ግብሩም መዋጮውም የእኔው የራሴ ግዴታ ሊሆን ነው። እትዬ ኢልዜ ስታለቅስ ሳያት የምገባበት ጠፋኝ።

ጭነት በምንጠብቅበት ግቢ እየዞረ የስም ካርዱን የሚያድል አንድ ጠበቃ አለ። ወሬውን ሰምቶ መጣና «አንተ ብቻ ያዝዙኝ ነበር በል! ሌላውን ለእኔ ተወው። ጎማዋን ሳይቀር ነው የምናስወልቃቸው!» አለኝ። ጓደኞቼም አላረፉም። «ጄኒቫልዶ ሀብታም ሊሆን ነው፣ አሁኑኑ ሰላም በሉት፣ በኋላ አያውቃችሁም» እያሉ ተሳለቁብኝ። አልዋሽሽም እማዬ፣ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። ጭንቁ ጠበቃው በል ያለኝ ነገር ለእኔ ውሸት አለመሆኑ ነው። በእርግጥም የታዘዝኩ ይመስለኝ ነበር። ጭነት አለ ሲሉኝ እሄዳለሁ፣ አንድ ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም። እውነቱን ከተናገርኩ ያበሉኝን ሽማግሌ ባዶ እጃቸውን ላስቀራቸው ነው፤ እንዳልዋሽ ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስሽ ያሳደግሽኝ ልጅሽ ነኝ፤ በሐሰት እንዴት ልማል?

ባለፈው ማክሰኞ ተጠርቼ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ አርሊንዶ የሠርጋቸውን ኮት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ጉዳዩን የያዘችው ገና ወጣት ሴት ናት፤ ግን ፊቷ እንደ ዳገት ነው። ማን መንገድ እንደሚመርጥ ጠየቀችኝ፣ እኔ አልኩ። ነዳጅና ጎማ የማን ነው አለች፣ የእሳቸው። ጭነት እምቢ ብለህ ታውቃለህ ስትለኝ አንገቴን ደፋሁና አላውቅም አልኩ። እትዬ ኢልዜ ከኋላ «አወይ ልጄ!» ስትል ሰማኋት። ቀጥላ ሴትየዋ ሥራውን እንዴት ነው የሚሰጡህ አለችኝ። በድምፅ መልእክት ነው፣ ሁሉም ስልኬ ላይ አለ አልኳት። አሰማኝ አለች።

ከፈትኩላት። «ጄኒቫልዶ ልጄ፣ ሶሪሶ ከተማ በቆሎ አለ፣ ሐሙስ ነው የሚጫነው፣ ኧሁ ኧሁ...» ሲሉ እንደ ልማዴ አጠፋሁት። ለምን አቋረጥከው አለች። የቀረው ስለ ጉልበታቸው ነው አልኳት። «ይቀጥል» አለች። ቀጠለ። ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ውሻው ነጠላ ጫማቸውን እንደበላው አወሩ፣ እትዬ ኢልዜ ስኳር እንደከለከለቻቸው አወሩ። አምስት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ከደከመህ ተወው፣ ለደላላው አይሆንም እለዋለሁ፣ በቆሎው እግር የለው የት ይሄዳል? እናትህ ጋ የሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል እሳት ሊነድ ነው፤ ካሰኘህ መኪናዋን ግቢ አቁምና ሂድ። ካልደወልክ ግን ጭነቱን ወደድከው ማለት ነው።»

ሴትየዋ ሌላ አስከፈተችኝ፣ ሌላም። ዓመት መርጣ፣ ወር መርጣ ሰማች። ሁሉም መጨረሻው ያው ነው፤ ካሰኘህ፣ ከፈለግህ፣ ካልደከመህ። ለካስ እኔ የጭነቱን ቦታና ቀን ብቻ ሰምቼ ሞተር አስነሳ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እኚህ ሰው አንድ ቀን አላዘዙኝም እማዬ። ጋሽ አርሊንዶ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና «አንተ! ስለ ጉልበቴም አልሰማህም ማለት ነው?» ብለው ሲጮኹ ያቺ ፊቷ እንደ ዳገት ያልኩሽ ሴት ሳቋ አመለጣት፤ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች። ታዲያ ልጁ ወደ አገሩ ሳይሄድ ሲቀር ምን ይሉ ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ዝግ ብለው «ከእናቱ ጋር የተጣላ መስሎኝ ነበር፤ ቁስሉን እንዳልነካበት ብዬ ዝም አልኩ» አሏት።

እዚያ ላይ አለቀስኩ። አንቺን በየዓመቱ አለቃዬ አልለቀቁኝም እያልኩ ስንት ጊዜ መለስኩሽ! አንቺም ያ ልበ ደንዳና እያልሽ ትረግሚያቸዋለሽ፤ እሳቸው ደግሞ በልጅሽና በአንቺ መካከል ሰላም እንዲወርድ ሻማ ያበሩ ነበር፣ እትዬ ኢልዜ ነገረችኝ። ይቅር በይኝ እማዬ። ለእሳቸውም እርግማንሽን አንሺላቸው፤ ምናልባት ጉልበታቸው ይሻላቸው ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ አለቀ። ተቀጣሪ ሳልሆን በሰው መኪና በራሴ ፈቃድ የምሠራ ሹፌር መሆኔ ተጻፈ። አሁን ስሜ በእሳቸው የጭነት ፈቃድ ላይ በረዳት ሹፌርነት ሰፍሯል። የጡረታ መዋጮዬ ከየጭነቱ ይቆረጣል፣ ገቢዬንም በየዓመቱ ራሴ አሳውቃለሁ። ያለፈውን ዘመን ግብርና መዋጮ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እንድከፍል ፈቀዱልኝ። ይከብዳል፣ ግን ለእርጅናዬም የሚቆጠርልኝ ነገር አገኘሁ። ወረቀቱ ጭነት እምቢ የማለት መብት አለው ይላል፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስንወጣ ጋሽ አርሊንዶ አኩርፈው ነበር። የሸንኮራ ጭማቂ ጋበዝኳቸውና፣ እትዬ ኢልዜ ዞር ስትልልን ደግመው አስቀዱና፣ ታረቁኝ። የጉልበታቸውንም ታሪክ ከሀ እስከ ፐ አዳመጥኩ፤ ረጅም ነው።

ትናንት ደላላው ራሱ ደወለልኝ። በቆሎው ደርሷል፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ሰኞ ጫን አለኝ። አፌ እሺ ሊል ተከፍቶ ነበር። አልችልም፣ እናቴ ጋ ልሄድ ነው አልኩት። «ማን ፈቀደልህ?» ሲለኝ ስቄ ዘጋሁት።

እንግዲህ መኪናዋ ታጥባ ጋሽ አርሊንዶ ግቢ ቆማለች፤ እኔ ከበዓሉ በፊት ባለው ረቡዕ በአውቶቡስ እደርሳለሁ። ማሪናልቫን ሳሚልኝ። ባሏን ዛይልቶንን የበዓሉን እሳት እንጨት ሳልደርስ እንዳይቆልል በይልኝ። ትንሿን ራያኔን አጎትሽ በፎቶው ላይ ካለው ወፍሯል ብለሽ አዘጋጂልኝ። አያቴን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ አኮርዲዮናቸውን ከሣጥን ያውጡት። እትዬ ኢልዜ የጉዋቫ ማርማላታ ልካልሻለች። ጋሽ አርሊንዶም ሰላም ብለውሻል፤ ልጅሽን ላኩልሽ ሊሉ ጀመሩና፣ የለም፣ ራሱ ነው የመጣው በልልኝ አሉ።

ልጅሽ ጄኒቫልዶ
ሮንዶኖፖሊስ፣ ጁን 9 ቀን 2023