ባዶው ቤት የመለሰልኝ ሰላምታ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

መብራት ስለጠፋ ቁልፌ ላይ ያንጠለጠልኳትን ሚጢጢ ባለ ቻርጅ ባትሪ ሞከርኳት። አያቴ አባባ መብራት በበራ ቁጥር «እንዴት አመሻችሁ» ካላሉ አይሆንላቸውም። እያጠፋሁ እያበራሁ አስለፈለፍኳቸው።

«አንቺ ቀልቃላ፣ በሰላምታ አይቀለድም!» አሉኝ።

እማዬ ሻማ ግዢ ብላ ላከችኝ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሰው ገብቶበት የማያውቀው ቤት በር ላይ አበራሁና በአባባ ድምፅ «እንዴት አመሻችሁ?» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አንድ ሰው ከውስጥ።

ሻማውን ሳልገዛ ሽቅብ በረርኩ። ቤት ስገባ መብራት መጣ። አባባ «እንዴት አመሻችሁ» ሲሉ ያው ድምፅ ከደጃችን ቀድሞን መለሰ።

አባባ ባትሪዬን አዩና «ማንን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

መብራቱ ተመልሶ ጠፍቷል። ይህን የምጽፈው በባትሪዬ ነው። ቻርጇ እያለቀ ነው።