ባለቤቶቹ ያልተጠሩበት ጉባኤ

ለእምዬ፥

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደጅዎ ያለው ሎሚ ዘንድሮስ አፈራ? እኔን ከጠየቁ፣ ደኅና ነኝ ማለት ስለለመድሁ ደኅና ነኝ እላለሁ። ስልኬ ባሌ ይትባረክ ዘንድ ስለሚውል ይህን በጀልባ ነጂው በኪዳነ ወልድ እጅ ልኬልዎታለሁ።

ከማስተምርበት ክፍል መስኮት ጣና ይታያል። ጠዋት ጉም ሲጋርደው ውሃና ሰማዩ አይለዩም፤ ዘጌም እርስዎም የላችሁ ትመስላላችሁ። ጠመኔ ይዤ ስፈዝ ተማሪዎቼ ቲቸር ዛሬም ተሳፈረች እያሉ ይስቁብኛል።

ሰሞኑን የማስተምራቸው አውሮጳውያን አፍሪካን ለምን እንደያዙ ነው። ለፋብሪካቸው ጥጥና ጎማ፣ ለሸቀጣቸው ገበያ ፈለጉ፤ እርስ በርስም ተቀናኑ እላቸዋለሁ። ሲመጡ ግን እንዲህ አላሉም፤ ስጦታ ይዘው፣ እንጠብቃችሁ ብለው ነው የገቡ። ኋላም በርሊን ተሰብስበው የአህጉሩን አያያዝ ደንብ አወጡለት። ይህን ስናገር ሩሐማ የምትባል ተማሪዬ እጇን አውጥታ ባለቤቶቹ የት ተቀምጠው ነበር አለችኝ። አልተጠሩም አልኋት። በገዛ ጉዳያቸው እንዴት አይጠሩም ብላ ደገመችብኝ። ጥያቄዋን ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት።

እምዬ፣ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሸሽቼ እርስዎ ቤት ስመጣ ይትባረክ ጋቢ ይዞልዎት፣ ሽማግሌ አስከትሎ ደረሰ። ልጅዎን እጠብቃታለሁ አለ። ትመለስ ተባለ፤ እርስዎም መረቁ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ያን ቀን ግን ከሥሩ የጠየቀኝ የለም። ተቀይሜዎታለሁ፤ ብቀየምም እርስዎን እናፍቃለሁ።

ትናንት በሕልሜ ሰዎች ጣና ላይ በማስመሪያ መስመር ያሰምራሉ። ውሃው መስመሩን ይውጠዋል፤ እነሱም መልሰው ያሰምራሉ። እኔ በታንኳ በመሐላቸው አለፍሁ፤ የከለከለኝ አልነበረም። ስነቃ ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር።

ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ እመጣለሁ፤ ለመመለስ አይደለም። ሽማግሌ አይጥሩብኝ፤ ከጠሩም መሐል እቀመጣለሁ። በዚህ ሙቀት አንገቴን በነጠላ ጠቅልዬ ብመጣ ሰው ፊት አይጠይቁኝ። ብቻችንን ስንሆን ነጠላውን እርስዎ ራስዎ ፈትተው አንገቴን ያዩታል።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ እስክደርስ በጤና ያቆይልኝ።

ጓዳ የነበረችው ልጅዎ