አንድ ቅዳሜ ለአሮጌው ገበያ

ረቡዕ
ለሰው አይነገርም እንጂ፣ ዛሬ ተወልጄ ባደግሁባት ቢቸና ገበያው ጠፋኝ። ሽንኩርት ልገዛ ዘንቢሌን ይዤ አሮጌው ገበያ ብደርስ ፍየሎች ተኝተውበታል። አንዲት ሴት ብጠይቃት፣ "እትዬ፣ ከየት ነው የመጡት? ከኮሮና ወዲህ እኮ ከተማው ዳር ሜዳው ላይ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። ከምኖርበት ከሞጣ ነዋ፣ ከስንት ዓመት በኋላ እህቴን ልጠይቅ! ሩቅ አገር ይመስል።

ለጊዜው ተብሎ ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። መሐል ከተማውም አብሮ ሞተ። ጸጉር ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። ምግብ ቤቱ ተቆልፏል። የታላቅ እህቴ የእታለም ልብስ ስፌት ቤት ክፍት ነው፤ ደንበኛ ግን የለውም።

ሐሙስ
ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ። ገበያው የፊታችን ቅዳሜ ለአንድ ቀን፣ ለሙከራ፣ ወደ መሐል ይመለሳል። ከደመቀ ይጸናል። ስንወጣ እታለም፣ "ሰው ካልመጣ ዘግቼ ሞጣ ልጄ ጋ እገባለሁ፤ በቃኝ" አለች። ማስታወቂያውን እኔ ጻፍኩ፤ በየምሰሶው ተለጠፈ። ትንሽ ኮራሁ መሰለኝ።

ዓርብ
መንገዱን ጠረግን። እታለም በሯን አረንጓዴ ቀባች፤ የስፌት መኪናዋን ዘይት አጠጣች። ሻይ ሻጯ ጎረቤቷ፣ "አንቺ፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?" ብትላት፣ "ሽማግሌ ላኪልኛ!" አለች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ።

ቅዳሜ
ምን ልበል። እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት ዶሮ ሻጮችና አንዲት ነጭ ሽንኩርት ሻጭ። በቃ።

ተናድጄ ሜዳው ድረስ ሄድኩ። ጢም ብሏል! አንዲት ቅቤ ሻጭ እናት፣ "ማስታወቂያውንስ ሰምተናል፤ ድንጋዬን ለማን ትቼ ልምጣ?" አሉኝ። ለካ እያንዳንዷ ቦታዋን የያዘችው በድንጋይ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ከቀረች ሌላዋ ትቀመጥበታለች። "እናንተ ለአንድ ቀን ትጠሩናላችሁ፤ በሳምንቱ የት ልንገባ ነው?"

እናታችን ጌሾ ሸጣ ያሳደገችን በዚሁ ሥርዓት ነው። ከዚያ ሁሉ ተሰብሳቢ አንዳችን እንኳ አላስታወስንም። እታለም ስምንት ሰዓት ላይ ዘጋች።

እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ኃላፊ ለመንኩት፤ ሙከራው ይቅርና መጀመሪያ ለሴቶቹ ቋሚ ቦታ ስጡ፣ በሜዳው ጎን ለጎን እንደሚቀመጡት አድርጋችሁ አልኩት። "እናያለን እትዬ" አለኝ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ቅቤ ሻጯ ግን ትናንት ስሰናበታቸው፣ "ቦታ ከሰጣችሁን ማን ይጠላል" ብለውኛል።

እታለም የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ጠቅልላለች። ልጇ ከሞጣ ደውላ፣ "እማዬ፣ ነገ መጥቼ ልውሰድሽ?" ስትላት ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። "ከሚመጣው ቅዳሜ በኋላ ነይ" አልኳት። እታለም አልተቃወመችም፤ አላመሰገነችኝምም። ኃላፊው እስከዚያ ምን እንደሚል፣ እሷም የት እንደምትገባ፣ ክፉም ቢሆን ሳልደብቅ እዚሁ እጽፈዋለሁ።