ሞተር አጥፍቶ ማደር

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14
ከዜሮ በታች ሃምሳ። ትምህርት ቤት በብርዱ ተዘግቷል። ለኔ ምን ለውጥ አለው? ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ።

አባዬ ዛሬም ሚኒባሱን ሳያጠፋ አደረ። ከኖቬምበር ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ሲያጓራ ያድራል። ተሳፋሪ ወደ ያኩትስክ ከተማ ሲያመላልስ ከሚጠጣው ቤንዚን ቆሞ የሚጠጣው ይበልጣል! አጥፋው አልኩት።

"ካጠፋሁት እስከ ፀደይ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። አንቺ ታስነሺዋለሽ?"

"አዎ!" ከአፌ አመለጠኝ...

ተወራረድን። አባዬ መኪና የሚጠግንበት ጋራዥ ውስጥ የተጣለ የሞተር ማሞቂያ አለ፤ መብራት ላይ ይሰካና የሞተሩን ውሃ ያሞቃል። እገጥመዋለሁ። ጠዋት ከተነሳ ጋራዡ ውስጥ አብሬው እሠራለሁ። ካልተነሳ ሰኞ ክፍል እገባለሁ። መምህሩ ላይ ደብተር የወረወርኩበት ክፍል... ሞቼ ነው!

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16
ገጠምኩት። ብረቱ የጣቴን ቆዳ ላጠው። ጎረቤታችን ጋሽ ፕሮኮፒ በአጥር ብቅ አለ።

"ኩንኔይ፣ ለመኪናው ሻይ ልታፈይለት ነው?"

"አዎ ጋሼ፣ ለእርስዎም ይተርፋል።"

አባዬ ሳቁን ዋጠ። አይቼዋለሁ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17
አልተነሳም።

ሞተሩን ስነካው ሞቋል እኮ! ቁልፉ ሲዞር ግን ጠቅ... ከዛ ጭጭ። ተሳፋሪዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ጋሽ ፕሮኮፒ መኪና ተሻገሩ። ጎማውን በእርግጫ አልኩት። አሁን እግሬን ያመኛል። አባዬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ሰኞ" ብቻ አለ።

ከሰዓት
ቆይ... ባትሪው! ሞተሩን አሙቄ ባትሪውን ውጭ አሳደርኩት፣ ብርዱ ኃይሉን ጨርሶታል! እኛ ቤት ሞተር ጠፍቶ ስለማያውቅ ባትሪ ወደ ቤት ማስገባት የሚባል ነገር ተረስቷል። ደደብ ነኝ። አባዬን ለመንኩት። እኔ! "እባክህ" ማለት ለካ አይገድልም።

"እሁድ ተሳፋሪ የለም። ያኔ ሞክሪ። ከዛ ወዲያ ግን አልሰማሽም።"

እሁድ፣ ጃንዋሪ 19
ባትሪው ምድጃው አጠገብ አደረ። ሞተሩን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ማሞቂያውን የሰካሁት ጠዋት፣ ልናስነሳው ሁለት ሰዓት ሲቀረን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቢሰካ ከቤንዚን ያዳንነውን መብራት ይበላው የለ?

አባዬ ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። አዞርኩት። ተነሳ! ሳይስል፣ ሳያቃስት።

"ዕድል ነው" አለ ጋሽ ፕሮኮፒ ከአጥሩ ማዶ።

"ነገም ዕድለኛ ነኝ ጋሼ!"

አባዬ ጓንቱን አጠለቀና፣ "ነገ ጋራዥ እንዳታረፍጂ" አለኝ።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 2
ሚኒባሱ አልነሳም ብሎ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ድሮ ሦስት ቀን የማይዘልቀው ቤንዚን አሁን ሳምንት ይነዳበታል። አባዬ ለተሳፋሪዎቹ "ልጄ ናት የሠራችው" ሲል ሰማሁት። ያልሰማሁ መሰልኩ። ጆሮዬ ግን ጋለ...

ጋሽ ፕሮኮፒ መጣ። "ልጄ፣ የኔንም ብታይልኝ..."

"ወረፋ አለ ጋሼ።"

ምንም ወረፋ የለም። ዛሬ ገጠምኩለት፤ እሱም ሞተሩን አጠፋ። ሰፈሩ እርጭ አለ። ወደ ቤት ልገባ ስል አባዬ ክንዴን ያዘኝ።

"ዝም በይና ስሚ።"

ምኑን? ከዛ ሰማሁት። ትንፋሻችን ከአፋችን ሲወጣ አየር ላይ በረዶ እየሆነ ይንኮሻኮሻል፣ ደረቅ እህል ቀስ ብሎ ሲፈስ እንደሚሰማው።

"ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት" አለ አባዬ። "መኪና ከገዛሁ ወዲህ በሞተሩ ጩኸት ሰምቼው አላውቅም፤ ጠፍቶ የቀረ መስሎኝ ነበር።"

ብርዱ ፊታችንን እየቆረጠን፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆመን ተነፈስን።