«ትንሽ አሟቸዋል»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5፣ 1978፤ ሽንዲ

ዛሬም ማንም አልመጣም። በሽተኛ ማለቴ አይደለም፤ በሽተኛማ ሞልቷል። ሰው ማለቴ ነው።

ጠዋት መጀመሪያ የገቡት ሽማግሌ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ እኔ ጤንነት ጠየቁኝ። «እርስዎን ምን አመመዎት?» ብላቸው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አሉ። ታዲያ ለምን መጡ? «እንዲያው ልይሽ ብዬ።» ሊወጡ በሩን ከያዙ በኋላ ነው እግራቸው ላይ ያለውን ቁስል ያነሱት፤ ያውም የጎረቤት ቁስል አስመስለው። ወደዚህ ክሊኒክ የሚመጣ ሰው ሁሉ ደህና ነው። አገሬ ናዝሬት ቢሆን ኖሮ ሰውየው ገና ከበሩ «እግሬን!» ብሎ ቤቱን ባናጋው ነበር። እዚህ ነገርን ቀጥ አድርጎ መናገር ነውር ነው።

ያለን መድኃኒት፦ አስፕሪን፣ የቁስል ቀለም፣ የዓይን ቅባት። ያለን ስብሰባ፦ እንደ ልብ።

ከሰዓትም ስብሰባ ነበር። የሽንት ቤት ዘመቻ። መመሪያው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው፤ ቆሜ ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ጥላቻው ለእኔ ነው። ሰዉ መቆፈሩን ቆፍሯል፣ ጎጆም ሠርቶበታል። ማንም አይገባበትም። ከግቢው ሁሉ አዲስ ሣር የለበሰ ጣራ ያለው እሱ ስለሆነ እህል ያስቀምጡበታል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ይሁኔ በርበሬያቸውን ከተውበት ቁልፍ ገጥመውለታል። ይህንን ባለፈው ወር በሰው መሀል ቀጥ አድርጌ ተናገርኩባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ፤ የሌላውም ሰው እንደሳቸው።

አከራዬ እትየ አትጠገብ ክፉ ሴት አይደሉም። «ደህና ዋልሽ?» ይላሉ። «እግዜር ይመስገን» እላለሁ። የቀኑ ወሬ በዚሁ ያልቃል። ከዚያ የሰው ድምፅ ይኑር ብዬ ሬዲዮ እከፍታለሁ። እሱም ስብሰባ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ምን ተገኘ?

ጠዋት አያ ይሁኔን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ ብዬ ስጠብቅ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እናትሽ ስንት ዓመት ይሆናቸዋል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንዲያው ገና ናቸው» ብለው ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ። ስለ እናቴ የጠየቀኝ ሰው እዚህ አገር የመጀመሪያው ነው። ደግሞ ማን? የበርበሬው ባለቤት!

ክሊኒኩ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሳይታመሙ መጥተው ተቀምጠው ሄዱ። አንዷ እንቁላል ትታልኝ ሄደች። ማታ እትየ አትጠገብ «ብቻሽን አትብዪ፣ ነይ ከኛ ጋር» አሉኝ። ሽሮ ነበር። ያጎርሱኝ ጀመር።

ዘመቻው ገባቸው ማለት ነው። ታገሺ፣ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው ይሉኝ ነበር ማሠልጠኛ ሳለን። ደስ ብሎኝ ሬዲዮ ሳልከፍት ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዶሮ! በአዘቦት ቀን፣ ለእኔ! «ብዪ፣ ብዪ፣ አቅም ይኑርሽ» እያሉ እትየ አትጠገብ ከጎኔ አልነሳ አሉ። የምን አቅም? ብዬ ብጠይቅ «ሰው አቅም ይፈልጋል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሌ በሰው ተሞላ። ያለችኝ አንዲት በርጩማ ስለሆነች አልጋዬ ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። አያወሩም። ሻይ አፈላሁ፤ ብርጭቆ አልበቃ ብሎ በመድኃኒት መለኪያ ቀዳሁ። ዝምታው ስለከበደኝ በሕልሙ ዓሣ መርፌ ሲወጋው ስላየ አንድ ሕፃን የሚያስቅ ወሬ አወራሁላቸው፤ ናዝሬት ሰው ሁሉ በዚህች ወሬ ይስቃል። እዚህ ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት እንዲያውም ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ተነስታ ወጣች።

ትራኮማ ነው ብዬ የዓይን ቅባት ይዤ ተከተልኳት። ግቢው ጥግ ድረስ ሮጠችብኝ። በስንት ልመና ያዝኳትና ቀባኋት። እየቀባኋት ይብስ አለቀሰች።

ምንም ይሁን ምን ዛሬ ክፍሌ ሰው ነበረበት። ከሄዱ በኋላ ወለሉን አልጠረግሁም። የተቀመጡበት ቦታ ይታየኝ ብዬ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

አወቅሁ።

ከክሊኒክ ስመለስ ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ስንዴና ሽምብራ ይለቅማሉ። በትልቅ ሰፌድ፣ ብዙ። ሲያዩኝ እጃቸው ቆመ። ያን ያህል ስንዴና ሽምብራ የሚቀቀለው ለለቅሶ ቤት ንፍሮ ነው። ይህንን ለማወቅ ጎጃም መወለድ አያስፈልግም።

«እትየ፣ ማን ሞቶ ነው?» አልኳቸው።

«ማን ሞተ ትላለች እንዴ! ጠላትሽ ይሙት!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ያቺን ፊት አውቃታለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰው ላይ ያየኋት ፊት ናት፤ ፍቅር መስላኝ ነበር።

በቀጥታ አያ ይሁኔ ዘንድ ሄድኩ። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ማን ነው የሞተብኝ ብዬ ጮህኩባቸው።

«ኧረ ምን በወጣሽ! ማን ሞተ አለሽ?»

«ንፍሮው ለማን ነው?»

መሬት መሬት አዩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ «እናትሽ ትንሽ አሟቸዋል ነው የተባለው» አሉ። ማክሰኞ ማታ ወደዚህ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር ከቡሬ ስልክ ቤት ያመጣው መልእክት ነው።

ትንሽ። እዚህ አገር የታመመ ሰው ደህና ነው። በጠና የታመመ ሰው ደግሞ ዛሬ ይሻለዋል። «ትንሽ አሞታል» የሚባለው የተቀበረ ነው። እኔ ራሴ ባለፈው መስከረም ባሏ ያረፈባትን ሴት በዚሁ ቃል ነው ወደ ቤቷ የሸኘኋት። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

አያ ይሁኔ ደንግጠው በሩን ዘጉ። «አሁን አታልቅሺ፣ ልጄ። ኮሚቴው መርዶው ነገ ንጋት ላይ ይነገር ብሎ ወስኗል። አሁን አልቅሰሽ ከጨረስሽው ሰዉ ነገ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለመርዶው ኮሚቴ አቋቁመዋል፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ የእንጨትና የውሃ ተጠሪ። «የነገርኩሽን አልነገርኩሽም» ብለው አስማሉኝ።

ቤት ገብቼ እትየ አትጠገብ ያቀረቡልኝን ሽሮ በላሁ። እሳቸው እንዳላወቁ ሆኑ፣ እኔም እንዳላወቅሁ ሆንኩ። እናቴ ሞታ፣ እኔ ሽሮው ጨው አነሰው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9፤ ቡሬ

ጎህ ሲቀድ መጡ። ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላ ሴቶቹ። የእግራቸው ኮቴ እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ፤ እኔ ደግሞ ለብሼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ። ቄሱ ስለ አዳም፣ ስለ ሞት አይቀሬነት ተናግረው ሳይጨርሱ ኡኡታው ቀለጠ።

ሙሾ የሚያወርዱት እትየ አትጠገብ ናቸው። እናቴን አያውቋትም፤ ስለዚህ ለቅሶውን ለአፍታ ገታ አድርገው ጆሮዬ ላይ «ሥራቸው ምን ነበር?» አሉኝ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት አልኩ። ወዲያው ተቀበሉ፦

ባቡሩ ደረሰ፣ መንገደኛው ገባ፣
ሻዩን ማን ይቅዳለት፣ ቤቱ ሞልቶ እንባ።

ያኔ ነው የፈረስኩት። እትየ አትጠገብ አቀፉኝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰው አቅፎኝ አያውቅም። ስንቱን የምነካ ሰው ነኝ ክሊኒክ ውስጥ፤ እኔን ግን ማንም። እናቴ ሞታ፣ አቅፈውኛል ብዬ ደስ አለኝ። ይህንን ለማንም አልናገርም፣ ለዚህ ነው እዚህ የምጽፈው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ልሂድ ብዬ የይለፍ ወረቀት ስጠይቅ ክረምቱ አልፎ ነበር መልሱ የመጣው። ዛሬ አያ ይሁኔ እዚያው ለቅሶው መሀል ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ጻፉልኝ፣ ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው መቱበት። «ለእናቷ ቀብር» ይላል። እትየ አትጠገብ ጥቁር ነጠላቸውን አለበሱኝ። «ስትመለሺ ብቻሽን አትሆኚም፤ ማታ ማታ የሚያስተዛዝንሽ ሰው በተራ ተመድቧል» አሉኝ። ንፍሮ በከረጢት ይዤ በጭነት መኪናው ሾፌር ጎን ቡሬ ገባሁ። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ አላየኝም።

ስልክ ቤቱ ተዘግቷል። አውቶብሱም ሰኞ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 10፤ ቡሬ

ስልከኛው ጌታነህ የሚኖረው ከስልክ ቤቱ ጀርባ ነው። በእሑድ አይከፍትም፤ ጥቁር ነጠላዬን አይቶ ግን ከፈተ። መልእክቱን የተቀበለው እሱ ነው። ማን ደወለ፣ ምን አለ፣ መቼ ተቀበረች ብዬ ጠየቅሁት።

«ማን ተቀበረ?»

«እናቴ።»

«እህቴ፣ የደወሉት እኮ እናትሽ ራሳቸው ናቸው። ትንሽ አሞኛል፣ ስትችል ብቅ ትበል አሉ። እኔም ለሾፌሩ እናቷ ትንሽ አሟቸዋል ብለህ ንገርልኝ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?»

እውነቱን ነው። አንድ ቃል አልጨመረም፣ አንድ ቃል አልቀነሰም።

ከሻይ ቤታችን ጎን ያለው ዳቦ ቤት ስልክ አለው። ጌታነህ አገናኘኝ። ዳቦ ጋጋሪው ሊጠራት ሄደ። ነጠላ ጫማዋ ሲጎተት በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። «ሰኒ? አንቺ ነሽ?» አለች። ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከትናንቱ ይልቅ።

ምንሽን ነው ያመመሽ አልኳት። ጥርሷን ነው። ተነቅሏል፤ ድኗል።

«ለጥርስ ነው እንዴ እስከ ቡሬ የሚደወለው፣ እማዬ?»

«ካልታመምኩ ትመጫለሽ እንዴ?» አለችኝ።

ሻይ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሰው አያጣም። ማታ በሩን ስትዘጋ ግን ብቻዋን ናት። እኔ ሬዲዮ ስከፍት እሷም ትከፍታለች ማለት ነው፤ ያንኑ ስብሰባ እናዳምጣለን። ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ፣ ባትታመሚም እመጣለሁ አልኳት።

አሁኑኑ ብሄድ በወደድኩ። ግን የይለፍ ወረቀቴ «ለቀብር» ይላል። በየኬላው እናቴ ሞታለች እያልኩ በቁሟ ላሟርትባት? ሌላ ወረቀት እንዳልጠይቅ ደግሞ እናት በሕይወት ካለች ለፈቃድ አታበቃም። ነገ ወደ ሽንዲ እመለሳለሁ።

ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ብሎኛልም። ግን ፈራሁ። ሰዎቹ እንጨታቸውን፣ እህላቸውን፣ እንባቸውን አውጥተዋል። ያቀፉት እናት የሞተባትን ልጅ ነው። ያልሞተባት ያቺ የሽንት ቤቷ ሐኪም ናት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ሽንዲ

ከመኪናው ሳልወርድ ሴቶቹ አዩኝና ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። «አልሞተችም!» ብዬ ጮህኩ። ይብስ አለቀሱ። አንዷ ለሌላዋ «አእምሮዋን ነካት፣ ምስኪን» ስትል ሰማሁ። ቄሱ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ «አዎ ልጄ፣ አልሞቱም። ነፍስ አትሞትም» አሉኝ።

«አባ፣ ጥርሷን ነው ያመማት! ትናንት አነጋግሬያታለሁ!»

በመጨረሻ ሾፌሩ መሰከረልኝ። ሳወራው ስለመጣሁ ላብ በላብ ሆኗል፤ «እኔ የተባልኩትን ነው ያልኩት» እያለ ለሁሉም ይምላል። ሰዉ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ሄደ። የሳቀ የለም፣ የተቆጣም የለም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አያ ይሁኔ ሲሰሙ አማተቡና «እመቤቴ ተመስገን!» አሉ። ከዚያ ጓድ መሆናቸው ትዝ አላቸው መሰል ዙሪያቸውን አዩ። የይለፍ ወረቀቱን ስመልስላቸው ግንባራቸውን አከኩ።

«ችግር አለ» አሉ። «መሞታቸው በቃለ ጉባኤ ጸድቋል። ለመሻር አስቸኳይ ስብሰባ ያስፈልጋል፣ የሚመጣው ሳምንት ደግሞ በመንደር ምሥረታ ተይዟል።»

«ታዲያ እስከዚያ እናቴ ምን ትሁን?»

«ትንሽ ያማቸው» አሉ። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሳቅ ያየሁ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሲመሽ ክፍሌን ጠረግሁ። ጥቁሩን ነጠላ አጥፌ አልጋው ጫፍ ላይ አኖርኩ። ሬዲዮውን ልከፍት እጄን ስዘረጋ በሩ ተገፋ። እትየ አትጠገብ ናቸው፤ በርጩማቸውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለዋል።

ነጠላውን ሊወስዱ የመጡ መስሎኝ አነሳሁላቸው። አላዩትም። በርጩማውን አስቀምጠው ተቀመጡበት።

«እትየ፣ እናቴ እኮ አልሞተችም» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ሞቱም አልሞቱም፣ የዛሬው ተራ የእኔ ነው።»

የተረፈውን ንፍሮ በላን። የትኛው ጥርሷ እንደሆነ፣ ማን እንደነቀለው፣ ደም በዝቶባት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቀጥ አድርገው፣ አንዴም ሳይዞሩ። ከዚያ የባቡሩን ሙሾ ለእናቴ ነግሬያት እንደሆነ ጠየቁ። አልነገርኳትም ስላቸው «ንገሪያት እንጂ! ስንቱ ሰው ነው ሙሾውን በጆሮው የሚሰማ?» አሉ። ሳቅን። ለመሄድ የተነሱት መብራቴ ጋዝ ሲጨርስ ነው፤ በርጩማቸውንም ትተውልኝ ሄዱ።

ተራው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ነገ የአያ ይሁኔ ነው። ስለ በርበሬው አላነሳባቸውም።