ቀይዋን ከመሸጤ በፊት

አምቦ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሃዋኒ አዱኛ
ጌዶ

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ሆይ፣ እንደምን ከረምሽ? ትንሿ ኤቢሴስ? ባለቤትሽ ቀንዓስ ደህና ነው? የቀንዓን ስም በእጄ ስጽፍ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ ጣቴም አልተቆረጠም። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ እባክሽ!

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ያው ግራ ጉልበቴ ብሶበታል፤ መኪና ስነዳ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ጥርሴን አስነክሶኝ ነው የሚለቀኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ለጉድ ነው። የጓሮው አጥር ወድቆ በቆርቆሮ ደግፌዋለሁ፤ እስክደግፈው ድረስ ግን የጎረቤት በጎች ጎመኔን ጨርሰውታል። ምን ይበላ ይሆን ብለሽ እንዳታስቢ፣ ወጥ መሥራት ተምሬያለሁ። ጨው ላይ ብቻ እጄ አይመጥንም።

በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ አየሁት። ግን እኔን ታውቂኛለሽ፣ ድምፅ ስሰማ አፌ ከልቤ ይቀድማል፤ ያላሰብኩትን ተናግሬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩ። አጎትሽ ኦሊቃ ሐሙስ ይዞልሽ ይመጣል። ውስጡ ምን እንዳለ እሱም አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ኦሊቃ ከአንቺ ዘንድ ሲመለስ ቀጥታ እኔ ቤት ገባ። ዝናብ የመታውን ካፖርት እንኳ ሳያወልቅ "ሃዋኒ ቃል ልካለች" አለኝ። "ያቺን እናቴን ያስቀረችብኝን አሮጌ ብረት ይሽጥና በሌላ መኪና ይምጣ። ያቺን መኪና ደጄ ላይ ማየት ነው የማልችለው እንጂ እሱማ አባቴ ነው፤ በሩ ክፍት ነው" ብለሽ ላክሽብኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። "ጆሮህ ደንቁሯል እንዴ?" ብሎ ተቆጣኝ። ጆሮዬስ ደህና ነበር። ኦሊቃ ሲሄድ በሩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከአራት ዓመት ወዲህ ከአንቺ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል እኮ ነው፣ ልጄ።

በማግስቱ ሮባ ዘንድ ደወልኩ። ሮባ የጊንጪ እህል ነጋዴ ነው፤ ቀይዋን መኪናዬን ሽጥልኝ እያለ ሁለት ዓመት ደጅ የጠናኝ ሰው። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች አሁን እንዲህ ዓይነት አሮጌ የስፖርት መኪና ባዩ ቁጥር ያብዳሉ አሉ። ማክሰኞ ከች አለ። ለልዋጭ ያመጣት መኪና እሷም እንደ ቀይዋ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ነጭ፣ ግን በሠላሳ ዓመት የምታንስ ናት። ማርሽ መቀያየር የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። እስከ ጉደር ነዳኋት። ግራ እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ እንዴት ያለ ምቾት መሰለሽ! እየነዳሁ ሒሳቤን ሠራሁ፤ በጠዋት ብነሳ ምሳ ሳይደርስ ጌዶ እገባለሁ። ኤቢሴን የት ላይ እንደማስቀምጣት ሁሉ አሰብኩ። አለመዋሸት ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የቀይዋን ነገር ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥት መኪና ስነዳ ኖሬ የኔ ያልኳት እሷን ብቻ ነው። ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ ፈረንጅ ስገዛት እናትሽ አንቺን አርግዛ ነበር። "ሁለት በር ብቻ ያለው መኪና! ልጁን በመስኮት ልናስገባው ነው?" ብላ ስቃብኛለች። ከሆስፒታል ይዘንሽ የመጣነው በቀይዋ ነው። ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዘንድ፣ ስንወርድስ ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ የቀይዋ ሆድ እንዳይነካ ብላ እናትሽ ነጠላዋን ታጥቃ ከፊት ከፊት እየሄደች ድንጋይ ታነሳ ነበር። አንቺ ከኋላ ወንበር ላይ ቆመሽ "እማዬ ቶሎ በይ!" እያልሽ ትጮሂባታለሽ። እኔ መሪ ይዤ እስቃለሁ። ንጉሥ ነበርኩ ያን ጊዜ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ማክሰኞ ከጉደር ስንመለስ ሮባ የቀይዋን ኮፈን አስከፈተ። መካኒኩ ደቻሳም አጠገባችን ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያየኋት እኔ ነኝ ብሎ ራሱ ነው የመጣው። ሮባ ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና "ኦቦ አዱኛ፣ መቼም አይደብቁኝም" አለኝ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህቺ መኪና ባለቤትዎን ከመንገድ ያስቀረች ናት ሲሉ ሰምቻለሁ። ምኗ ነበር የተበላሸው?"

ደቻሳ አቀርቅሮ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ እጁ ንጹሕ ነበር። "የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ና፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን" ብዬ ሮባን ሸኘሁት። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በአግባቡ አልበላሁም።

ሃዋኒ፣ አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ኤቢሴ አጠገብሽ ካለች ለአባቷ ስጫት።

ቀይዋ አልተበላሸችም። ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ጥላን አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ስታገቢ እኔ በእድር ስብሰባ መሐል ተነስቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከሃይማኖቷ አስወጥቶ የወሰዳት ሰው ደጅ እግሬ አይረግጥም" ብዬ ማልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። እናትሽ ሠርግሽ ላይ ተገኝታ ስትመለስ ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ከዚያ በ2012 ግንቦት ላይ ኤቢሴ ተወለደች። ያው እናት ልጇ ስትወልድ ሄዳ ታርሳለች፤ ይህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። እናትሽ ካሰች በሁለተኛው ቀን የገንፎውን ዱቄት አዘጋጅታ፣ ቅቤውን አንጥራ ጨረሰች። የኮሮና ጊዜ ነበርና ኦሊቃ "ሰው የማይበዛበት ሚኒባስ ፈልጌ ላሳፍርሽ" አላት። "አይ፣ አባቷ ያደርሰኛል" አለችው።

ምን ይዋጠኝ! "አላደርስሽም" እንዳልል፣ የወለደች ልጁ ዘንድ ሚስቱን እንዳትሄድ ከለከለ ተብዬ አምቦ ውስጥ ቀና ብዬ ልሄድ ነው? አደርስሻለሁ እንዳልል ደግሞ ያ በእድር ፊት የማልኩት መሐላ አለ። ሁለቱንም ፈራሁ። አየሽ አባትሽን? ጀግና ይመስልሽ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው አባትሽ።

ጠዋት እናትሽ ከመነሳቷ በፊት ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩና አንዲት ሽቦ ነቅዬ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ገብቼ ቁርሴን በላሁ።

እናትሽ ያንን አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ የቅቤውን ዕቃ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከጎኔ ተቀመጠች። ቁልፉን አዞርኩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ደግሜ አዞርኩ። ሦስተኛ አዞርኩ። ወርጄ ኮፈኑን ከፍቼ ብልሽቱን የምፈልግ መሰልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ስመለስ ካሰች ምን ስታደርግ ነበር መሰለሽ? ዳሽቦርዱን በእጇ ቀስ አድርጋ መታ መታ እያደረገች "አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት፣ ደክሞሽ ነው" ትላታለች። መኪናዋን እኮ ነው። ወዲያው ወደኔ ዞር ብላ "አባ ሃዋኒ፣ አንተም አትናደድባት። ነገ ትነሳለች" አለችኝ።

ሽቦዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ ሃዋኒ። እጄን ብከት ይዤ ማውጣት እችል ነበር። "ረሳሁት፣ ይኸው" ብዬ ስቄ መግጠም እችል ነበር። አላደረግሁትም።

በዚያው ቀን ደቻሳን ጠራሁትና "ዕቃዋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አትንቀሳቀስም በላት" አልኩት። እምቢ አለኝ። ለመንኩት። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነውና አላት። ለአንቺም በስልክ ያንኑ ነገረችሽ፤ አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። "መኪናዋ ትሠራ እንጂ ወዲያው ነው የምንመጣው፤ አባትሽ ራሱ ነው የሚያመጣኝ" ስትልሽ ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዪ። በየቀኑ ጠዋት "ዕቃው መጣ?" ትለኛለች። "ነገ" እላለሁ። አሥራ አንድ ቀን። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ስታሰጣ የደም ግፊቷ ጣላት። ሆስፒታል የወሰድኳት በቀይዋ ነው። ሽቦዋን መልሼ ገጠምኩ፤ ቁልፉን እንዳዞርኩ ወዲያው ተነሳች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዞርኩት። ካሰች ግን ያን ጊዜ ምንም አትሰማም ነበር።

አራስ ስለሆንሽ መርዶው ተደብቆ ቆየ። ለመርዶ የሄዱት ሽማግሎች "ለምን አልመጣችልኝም ብላ ብትጠይቅ ምን እንበላት?" አሉኝ። እኔ ነኝ "መኪናዋ ተበላሽታባት ነው በሏት" ያልኩ። በሐዘን መሐል፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ፣ ደግሜ ዋሸሁ።

ከቀብሩ በኋላ ኦሊቃ ምን ነገረኝ መሰለሽ? እሱ ሚኒባስ ላሳፍርሽ ሲላት "አንተ አታውቀውም" አለችው አሉ። "እኔን ለማድረስ ብሎ ደጇ ይደርሳል። ደጇ ከደረሰ ደግሞ ሕፃኗን ሳያቅፍ አይመለስም። መሐላውን በዚያ እረሳለሁ ብሎ እሱም እየጠበቀ ነው፤ አውቀዋለሁ።" እውነቷን ነበር። እየጠበቅሁ ነበር።

ስለዚህ ይህ የመኪና ልዋጭ ነገር እንዲህ ሆነብኝ። ቀይዋን ብሸጣት ነጯን ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺም በር ትከፍቺልኛለሽ፤ ኤቢሴን ትሰጪኛለሽ። እህል ቀርቦ፣ ሳቅ ተስቆ፣ በመሐል አንድ ሰው "ያቺ መኪና እኮ" ሲል እኔ አንገቴን እየነቀነቅሁ "አዎ፣ ያቺ መኪና" እላለሁ። እስከምሞት። ስድስት ቀን ሙሉ ልለማመደው ሞከርኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ሁሉ ሞከርኩ። ወዲያው እናትሽ "አይዞሽ" ስትላት ይታየኛል። እሷ ያጽናናቻትን መኪና የኔን ኃጢአት አሸክሜ ከግቢ ላስወጣት አልችልም።

ቅዳሜ ለሮባ እነግረዋለሁ። ምኗም አልተበላሸም፣ የተበላሸው የኔ ነገር ነው፣ አልሸጥም እለዋለሁ። ለኦሊቃ፣ ለእድሩም እነግራለሁ። ደቻሳን ግን አትቀየሚው፣ እኔ ነኝ ያስገደድኩት። አዲስ መኪና የለኝም እንግዲህ። ሽጠህ ና ብለሽኝ ሳልሸጥ ቀረሁ፤ ከዚህ በኋላ ና እንደማትይኝ እያወቅሁ ነው የጻፍኩልሽ። ፈርቼ አይደለም አልልም፤ በጣም ፈርቻለሁ። ይህን ወረቀት ሁለት ጊዜ ቀድጄ ነው ይህ ሦስተኛው የሆነው።

እግዚአብሔር ልጅሽን ያሳድግልሽ። ትዳርሽን ያሙቅልሽ። ለቀንዓ የሰው መውደድ ይስጠው፤ ከኔ ያጣውን ሌላው ይካሰው። እኔ ለአንቺ ያልሆንኩትን አንቺ ለልጅሽ ሁኚ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ለኔ ሳይሆን ለእናትሽ ብለሽ። ኤቢሴ አድጋ ስለ አያቷ ስትጠይቅሽ "መኪና ተበላሽቶባት ቀረች" አትበያት። አያትሽ ልትመጣ ለብሳ መኪና ውስጥ ገብታ ነበር፤ ያስቀራት አባቴ ነው በያት።

አባትሽ
አዱኛ ጀቤሳ