ቡሬ ላይ በጅምር የቀረው ሥራሽ

የሺዬ፣ የልጄ እናት፣

ከተለየሽን ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትሽን ያሰብነው በዝናብ ነበር፤ ሰዉ ግን ከጅጋም ከፈረስ ቤትም መጣ። እናትሽ ከዚያ ወዲህ ፍኖተ ሰላም እኛው ዘንድ ናቸው። ልጃችን ማርታ ትምህርት ቤት ገባች፤ የፊት ጥርሷም ወልቋል። እኔ ያው ፊዚክስ አስተምራለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሥራሽ ነው።

ወደ ሽንዲ ስንሄድ ቡሬ ላይ ሚኒባሱን አስቁመሽ ድንጋይ ልትሰብሪ ስትወርጂ ተሳፋሪው ወርቅ ያገኘሽ ይመስለው ነበር። አንቺ ግን የምትፈልጊው ያ ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ ከመሬት ሆድ ሳይወጣ በፊት የት ጥልቀት ላይ እንደቆየ ማወቅ ነበር። ድንጋዩን ፈጭተሽ፣ ከጠብታ ውሃ ጋር ጣት በማታክል የብረት ቱቦ በብየዳ አሽገሽ፣ በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ በገመትሽው ጥልቀት ልክ በከባድ ግፊት ታቀልጪዋለሽ። ከዚያ በድንገት ታቀዘቅዢዋለሽ። ውስጡ የበቀሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ከተፈጥሮው ድንጋይ ጋር ከተመሳሰሉ ጥልቀቱ ታወቀ ማለት ነው። ቱቦው ግን እያፈሰሰ አስቸገረሽ። በሽታው የቀደመሽ እዚያ ላይ ነው።

ተማሪሽ መዓዛ ሥራውን ስትቀጥል የፈጨሽው ዱቄት አለቀባት። አብረን ቡሬ ሄድን። ስንደርስ ድንጋዩን የወሰድሽበት ኮረብታ ለመንገድ ጠጠር እየፈረሰ ነው። የድንጋይ ካባው ኃላፊ ፍንዳታው ሳያልቅ ማንም አይጠጋም አለን፤ ፍንዳታው ካለቀ ደግሞ አንቺ የመረጥሽው ገደል የለም። መዓዛ እንባዋ መጣ። እኔ አልመለስም ብዬ ሰውዬው አጠገብ ተቀመጥሁና ስለ አንቺ አጫወትሁት፤ ምን ስትፈልጊ እንደነበር፣ እንዴት እንደሞትሽ። ሲሰማኝ ቆየና፣ «ነገ ጠዋት ማሽኑ ሳይነሳ ኑ» አለ። በማግስቱ ራሱ ገደሉ ድረስ መራን። መዓዛ ሰበረች፣ እኔ ተሸከምሁ።

ጎረቤቱ ሐዘን አናወጠው እያለ ያማኝ ነበር። እናትሽ ግን ስንቅ ቋጥረው ሲሸኙኝ፣ «የጀመረችውን አንተ ካላስጨረስህላት ማን ሊያስጨርስላት ነው?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቱቦ እንደገና አፈሰሰ። መዓዛ አበያየዱን ቀይራ ደገመችው። ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስወጣ ደወለች።

«መምህር፣ አላፈሰሰም። ክሪስታሎቹም ተመሳስለዋል።»

የሺዬ፣ ግምትሽ ልክ ነበር፤ የቀለጠው ድንጋይ ከጥልቁ በአንድ ትንፋሽ አልወጣም፣ መንገድ ላይ አርፎ ቆይቷል። አንድ ሙከራ ብቻውን እንደማይበቃ አንቺም ትዪ ነበር። ስለዚህ መዓዛ ትደግመዋለች፤ ለዚያ የሚሆን ድንጋይ በጆንያ ጓዳ አስቀምጫለሁ። እናትሽ ለሽንኩርት ቦታ አጣሁ ይላሉ እንጂ አውጣው አላሉኝም።

የጥናቱ ጽሑፍ ታትሞ ሲወጣ የሚቀድመው ስምሽ ነው። ማርታ አሁን አሁን እናቴ ሥራዋ ምን ነበር ትለኛለች። ገና ልጅ ናት ብዬ አላሳጥርባትም። ጭቃው ሲደርቅ ቡሬ ወስጄ ከኮረብታው በተረፈው ላይ አቆማታለሁ፤ ምን እንደጠየቅሽ፣ መልሱም ምን እንደሆነ አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ።

ባልሽ